የስርዓተ ክወና ዕድሜ ሲያበቃ፦ ወደ አዲስ የሊኑክስ ሥሪት መሸጋገርና የተገልጋዮች ዝግጅት

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ለተሰኘው ስርዓተ ክወና ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ይታወሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የሊኑክስ ቤተሰብ አባል የሆነው የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ የድጋፍ ዘመን ተጠናቋል። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ዴቢያን 13 ይፋ ሆኗል፤ የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚኖረው ኡቡንቱ 26.04 ደግሞ በሚያዝያ 2018 ዓ.ም. እንዲወጣ መርሐ ግብር ተይዞለት ነበር።

እነዚህ ቀናት ላይ ላዩን ሲታዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከቱ ይመስላሉ። ይሁንና ዛሬ የመታወቂያ ቅጂ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝና የንግድ ፈቃድ በአብዛኛው ስካን ተደርገው የሚቀመጡት በቤት ኮምፒውተር፣ በቢሮ ላፕቶፕ ወይም በሰፈር የኢንተርኔትና የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ውስጥ ነው። የመንግሥት አገልግሎት ለማግኘት የሚላከው ማመልከቻም የሚዘጋጀው በዚያው መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ስርዓተ ክወና ያለ ድጋፍ ሲቀር አደጋ ላይ የሚወድቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱና የደንበኞቹ ሰነድ ጭምር ነው።

ስለሆነም ጉዳዩ የትኛው ስርዓተ ክወና ከየትኛው ይበልጣል በሚል ክርክር የሚቋጭ አይደለም። ለተገልጋዩ ዋናው ቁም ነገር የሚጠቀምበት ሥሪት ድጋፍ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ሰነዶቹን በሌላ ቦታ ማስቀመጥና ሽግግሩን በዕቅድ መፈጸም ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ አዲስ የሊኑክስ ሥሪት መሸጋገር ምን እንደሚያስገኝ፣ ምን እንደሚያስከፍልና ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚጠይቅ ይዳስሳል።

የድጋፍ ማብቃት ምን ማለት ነው?

አንድ ስርዓተ ክወና የድጋፍ ዘመኑ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ በማግስቱ ሥራ አያቆምም። ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ከኢንተርኔትም ጋር ይገናኛል። ብዙ ተጠቃሚዎች ነገሩን ችላ የሚሉትም ለዚህ ነው። የሚቋረጠው በዓይን የማይታየው አገልግሎት ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ የደህንነት ክፍተት በተገኘ ቁጥር አዘጋጁ ድርጅት ክፍተቱን የሚደፍን ማስተካከያ ያወጣ ነበር። ድጋፉ ሲያበቃ ክፍተቶች መገኘታቸው ይቀጥላል፤ መደበኛው ማስተካከያ ግን አይመጣም።

ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተከሰተው የዋናክራይ ጥቃት አሳይቷል። ጥቃቱ በዊንዶውስ ላይ በነበረ ክፍተት ተጠቅሞ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያጠቃ ሲሆን፣ የተጠቃሚዎችን ሰነድ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች የታካሚዎችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ክፍተቱን የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ከፍተኛ ጉዳት የደረሰባቸው ማስተካከያውን በወቅቱ ያልጫኑና ድጋፍ ባጡ አሮጌ ሥሪቶች ይገለገሉ የነበሩ ናቸው።

ይህ ማለት ሊኑክስ ከችግር ነጻ ነው ማለት አይደለም። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርካታ የሊኑክስ ሥርጭቶች ውስጥ የሚገኝ ኤክስዜድ የተባለ የፋይል መጭመቂያ መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር መኖሩን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ይፋ አድርጓል። ጉዳዩ የተደረሰበት የተበከለው ቅጂ ሰፊው ሕዝብ በሚጠቀምባቸው የተረጋጉ ሥሪቶች ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነበር። በዚያ ወቅት በዝግጅት ላይ የነበረው የኡቡንቱ 24.04 የሙከራ ቅጂም አካላቱ እንደገና እንዲገነቡ በመደረጉ ዘግይቶ ወጥቷል። ከሁለቱም አጋጣሚዎች የሚወሰደው ትምህርት ተመሳሳይ ነው፦ ደህንነትን የሚያረጋግጠው የስርዓተ ክወናው ስም ሳይሆን በድጋፍ ላይ ያለ የተረጋጋ ሥሪት መያዝና ማስተካከያዎችን በወቅቱ መጫን ነው።

የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ በፊቱ ያሉ አማራጮች

የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች ሦስት መንገዶች አሏቸው። የመጀመሪያው ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ባመቻቸው የተራዘመ የደህንነት ማስተካከያ መርሐ ግብር ተመዝግቦ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. መቆየት ነው። ይህ ጊዜ ይገዛል እንጂ መፍትሔ አይሆንም። ሁለተኛው ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ነው። ይህ ሥሪት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። ለበርካታ ቤተሰቦችና አነስተኛ ድርጅቶች ይህ መንገድ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ማለት ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ እጅ ላይ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ መጫን ነው። ሊኑክስ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጀመሩን ያስታወቀው፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ባለሙያዎችና ኩባንያዎች ትብብር ያደገ ሥራ ነው። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊጠቀምበት፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው ይችላል። ብዙዎች ባያስተውሉትም በእጃቸው የሚይዙት የአንድሮይድ ስልክ የተገነባው በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሥርዓትም የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው መድረክ እንደ ሊኑክስ ሁሉ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው።

ለዴስክቶፕና ለላፕቶፕ የሚሆነው ሊኑክስ በተለያዩ ሥርጭቶች ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና ዴቢያን በስፋት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ኡቡንቱ 24.04 የ4 ጊጋባይት ራምና የ25 ጊጋባይት ባዶ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። ሊኑክስ ሚንት ዝቅተኛው መስፈርቱ 2 ጊጋባይት ራም ሲሆን በምቾት ለመሥራት 4 ጊጋባይት ይመከራል። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ያላቸው እጅግ የቆዩ ኮምፒውተሮች ግን ወደ አዲሶቹ የኡቡንቱና የዴቢያን ሥሪቶች መግባት አይችሉም። ዴቢያን 13 ለእነዚህ መሣሪያዎች የመጫኛ ቅጂ ማዘጋጀቱን አቁሟል።

የሥሪት ቁጥርን ማንበብ

የኡቡንቱ ሥሪት ቁጥር የወጣበትን ዓመትና ወር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታል። 24.04 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. በአራተኛው ወር ማለትም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ የሚወጣው ሥሪት የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ሲሆን መደበኛ ድጋፉ አምስት ዓመት ነው። በመካከል የሚወጡት እንደ 25.10 ያሉ ሥሪቶች ግን የሚደገፉት ለዘጠኝ ወር ብቻ ነው። አዳዲስ ነገር መሞከር ለሚወዱ ሰዎች ካልሆነ በስተቀር ሰነድ ለሚቀመጥበትና አገልግሎት ለሚሰጥበት ኮምፒውተር አይመከሩም።

በዚህ ስሌት ኡቡንቱ 22.04 እስከ 2027 እ.ኤ.አ.፣ 24.04 ደግሞ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፍ ያገኛሉ። በ24.04 ላይ የተመሠረተው ሊኑክስ ሚንት 22ም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይደገፋል። ዴቢያን ለእያንዳንዱ ሥሪት የሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍና የሁለት ዓመት ተጨማሪ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ይሰጣል። ኡቡንቱ 20.04ን አሁንም የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሳይዘገይ ሊሸጋገር ይገባል። ይህን ማድረግ ለጊዜው የማይችል ከሆነ፣ የኡቡንቱ አዘጋጅ የሆነው ካኖኒካል ለግል ጥቅም እስከ አምስት ኮምፒውተር ድረስ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ኡቡንቱ ፕሮ በመመዝገብ የደህንነት ማስተካከያውን ማስቀጠል ይቻላል።

ከሌሎች አገሮች ምን ይቀሰማል?

የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ፖሊስ ሽግግሩን የጀመረው ከስርዓተ ክወናው አልነበረም። በ2005 እ.ኤ.አ. የቢሮ ሥራ ፕሮግራሞችን ኦፕን ኦፊስ በተባለው ተካ፤ በቀጣዩ ዓመት ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻና ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም አስገባ። ሠራተኞቹ እነዚህን ከለመዱ በኋላ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለራሱ ባስማማው የኡቡንቱ ቅጂ ኮምፒውተሮቹን ደረጃ በደረጃ ቀይሯል። ተጠቃሚው በየዕለቱ የሚያያቸው ፕሮግራሞች አስቀድመው ስለተለወጡ ከሥር ያለው ስርዓተ ክወና ሲቀየር የነበረው ድንጋጤ አነስተኛ ሆኗል።

በጀርመን የሙኒክ ከተማ አስተዳደር በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ወስኖ በአሥር ዓመት ገደማ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ቢያሸጋግርም፣ የከተማው ምክር ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። በወቅቱ በተካሄደው ክርክር ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረግ የሰነድ ልውውጥ ችግር፣ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ልዩ ፕሮግራሞች መኖርና የከተማዋ የኮምፒውተር አገልግሎት አደረጃጀት ተደጋግመው ተነስተዋል። በዚያው አገር የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት በበኩሉ 30,000 ገደማ የሥራ ኮምፒውተሮችን የማሸጋገር ዕቅዱን በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ በኋላ በ2018 ዓ.ም. ከ40,000 በላይ የኢሜይል ሳጥኖችን ወደ ክፍት ሥርዓት ማዛወሩን አስታውቋል። እዚያም ቢሆን የቢሮ ፕሮግራሞችና ኢሜይል ቀድመው፣ ስርዓተ ክወናው ተከትሎ እንዲሄድ ተደርጓል።

ይህ የታላላቅ ተቋማት ተሞክሮ ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ ሱቅም ይሠራል። ሊብሬ ኦፊስ፣ ፋየርፎክስና ተንደርበርድ በዊንዶውስ ላይም በነጻ ይጫናሉ። ተጠቃሚው ገና ዊንዶውስ ላይ እያለ በእነዚህ ለአንድ ወር ያህል ከሠራ የትኛው ሰነድ በትክክል እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚያስቸግር ያለ ምንም ኪሳራ ማወቅ ይችላል።

የአማርኛ ሰነዶች ጉዳይ

በአገራችን ሁኔታ ሽግግሩን ከሌላው ዓለም የሚለየው የፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መለኪያ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በስልክ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይነበባል። ይሁንና ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት አገልግሎቱ የተዘጋጁ በርካታ ሰነዶች የተጻፉት ዩኒኮድን በማይከተሉ የቀድሞ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል።

እንዲህ ያለ ሰነድ ያለው ሰው አዲሱን ሊኑክስ ከጫነ በኋላ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ተስፋ ቆርጦ የሚያጠፋውም ይኖራል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ፎንቱን ወደ አዲሱ ስርዓት ማስገባት ለጊዜው ያስነብባል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ይህን ሥራ የቀድሞው ኮምፒውተር በሚሠራበት ጊዜ መጨረስ ይቀላል። የማይለወጡና ለማስረጃ ብቻ የሚቀመጡ ሰነዶችን በፒዲኤፍ ማስቀመጥም ቅርጻቸውን ይጠብቃል። ጉዳዩ ከሽግግሩም ያለፈ ጠቀሜታ አለው፦ በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ስምና አድራሻ ተቀድቶ በኢንተርኔት ማመልከቻ ቅጽ ላይ ሲለጠፍ የሚታየው አማርኛ አይሆንም፤ በፍለጋም አይገኝም።

በዩኒኮድ የተጻፉ ሰነዶችም ቢሆኑ መጠነኛ ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኒያላ ፎንት በሊኑክስ ውስጥ ስለማይገኝ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ተተክቶ ይታያል፤ መስመሮችና ገጾችም ሊሸጋሸጉ ይችላሉ። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ነጻ ፎንቶች በሁለቱም ስርዓቶች ላይ ሊጫኑ ስለሚችሉ አዳዲስ ሰነዶችን በእነዚህ ማዘጋጀት ችግሩን ያስቀራል። ለጽሕፈቱ በሊኑክስ የቁልፍ ሰሌዳ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። የእንግሊዝኛ ፊደላትን ድምፅ ተከትለው መጻፍ የለመዱ ሰዎች ደግሞ ኪማን የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የሊኑክስ ምናሌዎች የአማርኛ ትርጉም ያልተሟላ በመሆኑ ግን አብዛኛው ተጠቃሚ ምናሌውን በእንግሊዝኛ መጠቀሙ አይቀርም።

ሊኑክስ የማይመቸው ለማን ነው?

በኢንተርኔት ማሰሻ ለሚከፈቱ አገልግሎቶች፣ ለጽሕፈት፣ ለኢሜይል፣ ለቪዲዮ ስብሰባና ለትምህርት ሊኑክስ በቂ ነው። ሆኖም በዊንዶውስ ላይ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ኑሮውን የመሠረተ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። በአገራችን የሂሳብ ባለሙያዎች በስፋት የሚጠቀሙበት ፒችትሪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዳንድ ስካነሮች፣ የጣት አሻራ ማንበቢያዎችና ፕሪንተሮችም ለሊኑክስ የተዘጋጀ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ላይኖራቸው ይችላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንዱን ኮምፒውተር ለዚያ ሥራ ብቻ በሚደገፍ ዊንዶውስ አቆይቶ ሌሎቹን ማሸጋገር፣ ወይም ሁለቱን ስርዓቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ሁለተኛው አማራጭ ዲስኩን መከፋፈል ስለሚጠይቅ ልምድ ያለው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ከሽግግሩ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

በሽግግር ወቅት ለሚደርሰው የሰነድ መጥፋት ዋናው ምክንያት በአብዛኛው የአዲሱ ስርዓት ጉድለት ሳይሆን የዝግጅት ማነስ ነው። ቀጥሎ የተዘረዘሩትን ሥራዎች በቅደም ተከተል መፈጸም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል።

1. የሰነዶችን ምትክ ቅጂ መያዝ። አስፈላጊ ሰነዶችን፣ ፎቶዎችንና በማሰሻው ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ መቅዳት ያስፈልጋል። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ሰነዱን በዚያው ኮምፒውተር ሌላ ክፋይ ላይ ማስቀመጥ ምትክ ቅጂ አይባልም።

2. የዲስክ መቆለፊያን ማረጋገጥ። ዊንዶውስ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎት ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ካልተያዘ ሰነዱን ማንም ሊመልሰው የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል።

3. የመጫኛውን ፋይል ከትክክለኛው ምንጭ ማውረድ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ ተጠቃሚዎች የጓሮ በር ወዳለው ቅጂ እንዲሄዱ ተደርጎ ነበር። አዘጋጆቹ ጥቃቱን ወዲያውኑ አሳውቀው ዘግተውታል። ስለዚህ የወረደው ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር አዘጋጆቹ ካወጡት ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ መታየት አለበት። ከማይታወቅ ሰው በፍላሽ የተገኘ ቅጂ ይህን ማጣራት ሳያልፍ መጫን የለበትም።

4. የዳታና የመብራት ሁኔታን ማመቻቸት። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት የሚጠጋ በመሆኑ በቂ የዳታ ጥቅል ያስፈልጋል። አንዴ የወረደና የተጣራ ፋይል ግን ለጎረቤትም ለሥራ ባልደረባም ያለ ሕግ ጥሰት ሊሰጥ ይችላል። ለመጫኛ የሚሆን የ16 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ስርዓቱ ሊበላሽ ስለሚችል የላፕቶፑ ባትሪ የሞላ፣ ዴስክቶፑም ከዩፒኤስ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይገባል።

5. ሳይጭኑ መሞከር። ኡቡንቱንና ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ዲስኩን ሳይነኩ መሞከር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ፕሪንተርና ስካነር መሥራታቸው ይታያል። አዘውትረው የሚጠቀሙባቸው የአገልግሎት ገጾችም በትክክል መከፈታቸው ይፈተሻል።

ከአሮጌ ሊኑክስ ወደ አዲስ ሊኑክስ

አስቀድሞ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች እንደገና ከባዶ መጫን አይጠበቅባቸውም። የኡቡንቱ የማሻሻያ ፕሮግራም ሰነዶችንና አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ሳይነካ ወደ ቀጣዩ ሥሪት ያሸጋግራል። ነገር ግን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ሥሪት መዝለል አይቻልም። ከ20.04 ወደ 24.04 ለመድረስ አስቀድሞ ወደ 22.04 መግባት ግድ ነው። ከኦፊሴላዊው ማከማቻ ውጭ የተጨመሩ የፕሮግራም ምንጮች በሽግግሩ ጊዜ ስለሚታገዱ በኋላ አንድ በአንድ ተፈትሸው ይመለሳሉ።

አዲስ ሥሪት በወጣበት ቀን ለመሸጋገር መቸኮልም አይመከርም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ 24.04.1 የተባለው የመጀመሪያው ማስተካከያ ከወጣ በኋላ የ22.04 ተጠቃሚዎች እንዲሸጋገሩ ጥሪ መቅረብ ጀምሮ ነበር። ይሁንና በማሻሻያ ፕሮግራሙ ላይ በታየ ከባድ ጉድለት ምክንያት አዘጋጆቹ ጥሪውን ለጊዜው አቁመው ጉድለቱን ካስተካከሉ በኋላ ቀጥለዋል። ለዚህ ሲባል የ24.04 ተጠቃሚዎችም 26.04 እንደወጣ ወዲያውኑ የሽግግር ጥሪ አይደርሳቸውም፤ ጥሪው የሚመጣው ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ማስተካከያ ሲወጣ ነው። የ24.04 ድጋፍ ገና ዓመታት የሚቀሩት በመሆኑ መጠበቁ ጉዳት የለውም። ድጋፉ ባለቀ ሥሪት ላይ ያለ ሰው ግን እንዲህ የመጠበቅ ጊዜ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነውም ቀኑን ማወቅ ነው።

ኮምፒውተር ለባለሙያ ሲሰጥ

ብዙ ተገልጋዮች ይህን ሥራ የሚያሠሩት በጥገና ባለሙያ ነው። በተለምዶ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ ሲባል ባለሙያው ሁሉንም ነገር አጥፍቶ እንደገና መጫኑ የተለመደ ስለሆነ ምን እንዲቀር እንደሚፈለግ አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። የግል ሰነድ ያለበትን ዲስክ ምትክ ቅጂው በራስ እጅ ሳይገባ አሳልፎ መስጠት አይገባም። ሥራው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን በባለሙያው ፊት ከፍቶ ሰነዶችን፣ የአማርኛ ጽሕፈትን፣ ፕሪንተርንና ኢንተርኔትን መፈተሽ፣ ባለሙያው የፈጠረውን የይለፍ ቃልም ወዲያውኑ መቀየር ተገቢ ነው። ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ቢሆንም የባለሙያው ድካም ዋጋ አለው፤ ክፍያው ለሥራው እንጂ ለሶፍትዌሩ ፈቃድ አለመሆኑን ግን መለየት ይጠቅማል።

የኢንተርኔትና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ኃላፊነት ከዚህም ይሰፋል። በአንድ ቀን የብዙ ሰዎች መታወቂያና ማስረጃ በኮምፒውተራቸው ያልፋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚያስተናግዱ አካላት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ይጥላል። ድጋፍ ባበቃ ስርዓተ ክወና ላይ የደንበኛን ሰነድ ማከማቸት ከዚህ መንፈስ ጋር የሚሄድ አይደለም። ተገልጋዩም በጋራ ኮምፒውተር ከተጠቀመ በኋላ ሰነዱን መሰረዙንና ከገባባቸው ገጾች መውጣቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ማብቃት ብዙ ሰዎችን ወደ ሊኑክስ እንዲያዩ አድርጓል። አሮጌ ኮምፒውተርን ለተጨማሪ ዓመታት በደህና ማሠራት ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት ወይም አነስተኛ ድርጅት ይህ እውነተኛ አማራጭ ነው። አማራጩ የፈቃድ ክፍያ ባይጠይቅም ጊዜ፣ ዝግጅትና መልመድ ይጠይቃል፤ በዊንዶውስ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ለሚተዳደር ሰውም ሁልጊዜ አይመችም። ሊኑክስ የመረጠ ሰውም ቢሆን የድጋፍ ዘመን ከሚባለው ነገር አላመለጠም፤ ቀኑ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል።

ስለሆነም ተገልጋዮች ዛሬ የሚጠቀሙበትን ስርዓተ ክወና ስምና ቁጥር በኮምፒውተሩ የቅንብር ገጽ ላይ ተመልክተው ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን እንዲመዘግቡ፣ የሰነዶቻቸውን ምትክ ቅጂ ከማንኛውም ለውጥ በፊት እንዲይዙ፣ በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶቻቸውንም አሮጌው ኮምፒውተር በሚሠራበት በዚህ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ እንዲቀይሩ ይመከራል።